«እንጦጦ ከከተማው ሞቆ ተገኘ»፦ ስለ ተማሪዎች የመስክ ጉብኝት ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ትምህርት ቤቶች አውቶብስ መከራየት ይጀምራሉ፤ ለዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄም ያን ጊዜ ይበዛል። ዘንድሮ ከደረሱን መካከል ለብዙ መምህራን ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል የአጠቃላይ ሳይንስ መምህርት ነኝ፤ 42 ተማሪዎች አሉኝ። ርእሰ መምህሩ «አውቶብሱን ከተከራየነው አይቀር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን፣ እንጦጦ ፓርክንና መናገሻ ሱባ ደንን በአንድ ቀን አሳዪያቸው» ይሉኛል። ይቻላል? (ከኮልፌ)

መልስ፦ ዞሮ መምጣት ይቻላል፤ ማስተማር አይቻልም። ሰዓቱን ወረቀት ላይ አስልተው ያሳዩዋቸው። 42 ልጆች ከአውቶብስ ወርደው፣ ተቆጥረው፣ ቦርሳቸውን ይዘው እስኪሰለፉ 10 ደቂቃ ይሄዳል። መጸዳጃው ሁለት ክፍል ብቻ ቢሆንና ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ብንሰጥ፣ ሁሉም ተራ እስኪደርሰው 42 ደቂቃ ነው። ለመሳፈርና እንደገና ለመቆጠር ሌላ 15 ይጨምሩ። አንዲት ቅጠል ሳይታይ አንድ ሰዓት ከ7 ደቂቃ አለቀ። ሦስት ቦታ ማለት ከሦስት ሰዓት በላይ ወረፋ ማለት ነው፤ የመንገዱ መጨናነቅ ገና አልተቆጠረም።

ከኮልፌ ለሚነሣ ክፍል ጉለሌን እንመርጣለን። 705 ሄክታር ነው፤ ከከተማ ሳይወጡ ጽድና ባሕር ዛፍ በአንድ ቀን ሊነጻጸሩበት ይችላሉ፤ አንድ ልጅ ቢታመምም ወደ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። መናገሻ ሱባ ከዚህ የበለጠ ደን መሆኑ አይካድም። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ በላዩ ጉሬዛው፣ ከታች የምኒልክ ድኩላ አለ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ታሪክም ልጆችን ይስባል። ነገር ግን ከሰበታ በኋላ ያለው ጥርጊያ መንገድ ዝናብ ከጣለበት ትልቅ አውቶብስ ያስቸግራል፤ ሙሉ ቀንም ይፈልጋል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል፣ በደረቅ ወር፣ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደር አስቀድሞ ጠይቆ የሚኬድበት ነው። እንጦጦ ፓርክን መጫወቻ ቀን ሲመጣ ይሂዱበት። መጫወት ነውር የለውም፤ የመስክ ትምህርት ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍለት ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ከሳምንት በፊት ብቻዎን ይሂዱ፤ በተመሳሳይ ቀንና በተመሳሳይ ሰዓት። ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ያዩት በር ማክሰኞ ሌላ ነው። አውቶብሱ የት ይቆማል? መጸዳጃው ስንት ነው፤ ውሃስ አለው? 42 ልጅ ለምሳ የሚቀመጥበት ጥላ የት ነው? ስልክ የሚይዘው የት ድረስ ነው? የቅርቡ ጤና ጣቢያ በመኪና ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ለእነዚህ መልስ ሳይዙ ለወላጅ ደብዳቤ አይጻፉ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ወስጃቸው ነበር። አስጎብኚው ሲያስረዳ ከፊት ያሉት አሥር ልጆች ሰሙ፤ የቀሩት ፎቶ ሲነሡ ዋሉ። ዘንድሮ ምን ላሠራቸው? (መምህር፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ጥፋቱ የአስጎብኚው አይደለም፤ ሜዳ ላይ የአንድ ሰው ድምፅ ከ15 ልጅ በላይ አይደርስም። ልጆቹን የሚይዛቸው በእጃቸው ያለ ሥራ ነው። አንድ ጥያቄ ይስጧቸው፤ ለምሳሌ «ከባሕር ዛፍ ሥርና ከጽድ ሥር የሚበቅለው ዕፅዋት እኩል ነው?»። ጉለሌም እንጦጦም ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው።

42 ልጆች ካሉ ሰባት ሰባት አድርገው በስድስት ቡድን ይክፈሏቸው። ሦስቱ ቡድን ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ሦስቱ ጽድ ውስጥ ይጀምሩና ከ50 ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። በየቡድኑ ሁለት ገመድ ያዥ፣ ሁለት ለኪ፣ ሁለት ቆጣሪ፣ አንድ ጸሐፊ ይኑር። ሥራ የሌለው ልጅ ካለ ጠፍቶ የሚፈለገው እሱ ነው።

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው 40 ሜትር ገመድ በየ10 ሜትሩ ቋጠሮ ያለው፣ 4 ሜትር ሲባጎ በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው፣ ስምንት ችካል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ቴርሞሜትርና ወረቀት መደገፊያ ካርቶን ነው። ቴርሞሜትሩ ቀይ ፈሳሽ ያለው (የአልኮሉ) ይሁን፤ ሜርኩሪ ያለው ደን ውስጥ ከተሰበረ የሚለቅመው የለም። ቋጠሮውን ትምህርት ቤት ያስጨርሱት። ቦታው ላይ ሲቋጠር ግማሽ ሰዓት እንደዋዛ ያልፋል።

ትልቁ ካሬ 10 በ10 ሜትር ነው። ልጆች አራት ማዕዘን ዘርግተናል ብለው ያጣመሙትን ይዘው ይቆጥራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ ይለኩ። ሁለቱም 14 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆኑ ካሬው ቀጥ ብሏል፤ አንዱ 13 ሌላው 15 ከሆነ ችካሉን ይንቀሉና ያስተካክሉ። በዚህ ካሬ ውስጥ ዛፍ ይቆጠራል፣ የግንዱም ዙሪያ ይለካል። የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው፤ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆመው። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልቃልና ለትልቅ ጽድ ሲባጎ ጠምጥመው ሲባጎውን ይለኩ። ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ለ3.14 ሲካፈል 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። መስመሩ ላይ የቆመ ዛፍ ጠብ ያመጣል፤ «በላይና በግራ መስመር ላይ ያለ ይቆጠራል፣ በታችና በቀኝ ያለ አይቆጠርም» ብለው አስቀድመው ይደንግጉ።

ትንሹ ካሬ 1 በ1 ሜትር ነው፤ ትልቁ ውስጥ ይዘረጋል። የት? እዚህ ነው ሥራው የሚበላሸው። ልጆች አበባ ያለበትን፣ የሚያምረውን ቦታ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ውጤቱ የደኑ ሳይሆን የምርጫቸው ይሆናል። ካሬው መሀል ጀርባቸውን ሰጥተው ዱላ ወደ ኋላ ይወርውሩና የወደቀበት ይሁን፣ አረም ቢሆንም ባዶ መሬት ቢሆንም። ጓደኞቻቸው ከወርዋሪው ፊት ይቁሙ። ከዚያ የዕፅዋቱን ዓይነት ይቁጠሩ። ስም አያስፈልግም፤ ዓይነት «ሀ»፣ ዓይነት «ለ» ብለው የአንዷን ቅጠል ቅርጽ ይሣሉ እንጂ አይንቀሉ። የረገፈውን ቅጠል ጥልቀት በማስመሪያ ሦስት ቦታ ይለኩ። በቀጭን እንጨት 5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ሠርተው ቴርሞሜትሩን ያስገቡና 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ቴርሞሜትሩን ራሱን መሬት የሚወጋበት ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም፤ አንድ ትርፍ ይያዙ።

አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፉ ሥር ዓይነቱ ያንሳል። ምክንያቱን ሲወያዩ ግን ወደ አንድ መልስ አይንዷቸው። ባሕር ዛፍ ውሃ በብርቱ ይስባል፣ የቅጠሉ ዘይትም ሌላ ዘር እንዳይበቅል ያውካል፤ ይህ እውነት ነው። የሰው እግርስ የትኛው ሥር ይበዛል? ቅጠል ለማገዶ የሚጠረገው ከየትኛው ነው? ፀሐይ የሚገባው የቱ ውስጥ ነው? «ባሕር ዛፍ መጥፎ ነው» ብሎ ከሚመለስ ልጅ ይልቅ «የእኛ ካሬ መንገድ ዳር ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም» ያለው በደንብ ተምሯል።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል ብዬ አስተምሬ እንጦጦ ወሰድኳቸው። ጠዋት 1፡30 ትምህርት ቤት 11 ዲግሪ ለክተን ነበር፤ እንጦጦ 5፡00 ላይ 17 ሆነ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ቴርሞሜትሩ ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። የለካችሁት ከፍታን ሳይሆን ሰዓትን ነው። ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ አየሩ እስከ ቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ድረስ እየሞቀ ይሄዳል፤ በሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት የመጣው ሙቀት ከፍታው የቀነሰውን ዋጠው። በአማካይ በየ100 ሜትሩ የሚቀንሰው 0.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ትምህርት ቤታችሁ 2,400 ሜትር፣ እንጦጦ ላይ የለካችሁበት 3,000 ሜትር ቢሆን የምትጠብቁት ልዩነት 3.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ከተዳፋቱ እየወረደ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ሸለቆ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ማለዳ ከኮረብታው ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ሁለት ቴርሞሜትር ይያዙ። ከአንድ ቀን በፊት ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆይተው ያንብቧቸው፤ በአንድ ዲግሪ ከተለያዩ ይመዝገብና ኋላ ይስተካከል። አንዱን ትምህርት ቤት ለሚቀር ክፍል ይስጡ። ከ3፡00 እስከ 6፡00 በየግማሽ ሰዓቱ ሁለቱም ወገን ይለካ፤ ጥላ ሥር፣ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ላይ በክር ተንጠልጥሎ፣ የታችኛውን ጫፍ ማንም ሳይነካው። ከዚያ የ4፡00ውን ከ4፡00ው ጋር ያነጻጽሩ። አሁን ያለውን ውጤትም አይጣሉት። ተማሪዎቹ የሳቁበት ቁጥር ለምን እንደወጣ ራሳቸው እንዲያብራሩ ቢጠየቁ ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ስንመለስ ሁለት ተማሪዎች ጎድለው አገኘን። 20 ደቂቃ ፈልገን ሱቅ በር ላይ ተገኙ። ሁለት መምህራን ቆጥረን ነበር! እንዴት እንቁጠር? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ «ሁለት መምህራን ቆጥረን ነበር» ያሉት ላይ ነው ችግሩ። ሁለት ሰው ሲቆጥር እያንዳንዱ በሌላው ይተማመናል፤ 40 እና 42 ሲመጣም 42 ያለው ይታመናል። አንድ ሰው ይቁጠር፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ሁልጊዜ አውቶብሱ በር ላይ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ትከሻ እየነካ። መቀመጫ ላይ የተቀመጡትን መቁጠር አይሠራም፤ ጎንበስ ያለው ይዘለላል፣ ቦታ የቀየረው ሁለቴ ይቆጠራል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ መጨረሻው ቁጥር ይስጡና ጥንድ ያድርጓቸው፤ 1 ከ2፣ 3 ከ4። ጥንዱን ቅርብ ጓደኛሞች ብቻ አያድርጉት፤ ጓደኛሞች አብረው ነው የሚጠፉት። መምህሩ «ቁጠሩ!» ሲል ሁሉም በተራ ቁጥሩን ይጥራ፤ ዝም ያለው ቁጥር ወዲያው ይታወቃል። ይህ ሲወርዱ፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከቦታው ሲነሡ ይደረግ። ሲሳፈሩ ደግሞ የበሩ ቆጠራ ይጨመርበት።

ዝርዝሩ ደግሞ የዚያን ጠዋት ይሁን። ወላጁ ፈርሞለት የቀረ ልጅ ስም ካልተሰረዘ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው የጎደለ ይመስላል፤ ሳይፈረምለት የገባ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ሞልቶ ሳለ እውነተኛው ጠፊ አይታወቅም። በሩ ላይ የተስተካከለውን ዝርዝር አንድ ቅጂ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ይተዉ። አዋቂን በተመለከተ እስከ 4ኛ ክፍል ለስድስት ልጅ አንድ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ለአሥር አንድ፣ ሁለተኛ ደረጃ ለአሥራ አምስት አንድ ብንል አይበዛም። ሾፌሩና ረዳቱ በዚህ አይቆጠሩም። ከአዋቂዎቹ አንዱ ሥራው ከሁሉም ኋላ መሄድ ብቻ ይሁን፤ ከሱ ኋላ ማንም አይቅር።

ጥያቄ፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የምንሄደው፤ የሚጾሙም የማይጾሙም አሉ። ምግቡን እንዴት እናድርግ? (ከጉለሌ)

መልስ፦ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ለወላጅ በሚላከው ደብዳቤ ላይ «ምሳ ዕቃው የጾም ይሁን» ብሎ ለሁሉም መጻፍ ይቀላል። ልጆች ተቋርሰው ነው የሚበሉት፤ አንዱ ሥጋ ይዞ ከመጣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጓደኛው ከገበታው ይወጣል። ድንች፣ ሽሮ ፍርፍር፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ወጡ ፈሳሽ አይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ደብተሩን ያጠባል። እስከ ቀትር የሚጾሙ ልጆች ካሉ ዳገቱን ከምሳ በኋላ ያድርጉት። ረመዳን ከሆነ ግን ቀኑን ማዛወር ይሻላል።

ውሃ ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር፣ ማለት አንድ ሙሉ ሃይላንድ፤ በተጨማሪም አውቶብሱ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን። ቆሎ ከብስኩት ይሻላል፤ መጠቅለያ የለውም። ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ባለበት ቦታ ምሳ ዕቃ ሜዳ ላይ ተከፍቶ አይቀመጥ፤ ለእንስሳቱም አይወርወር። አንዴ ከለመዱ ቀጥሎ ለሚመጣው ክፍል ነው የሚተርፈው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን አለን፤ ግን በአብዛኛው ምን ይገጥመናል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ እባብ ሁሉም ይፈራል፤ የሚገጥማችሁ ግን ማስመለስ፣ ሳማ፣ ነስርና ወለምታ ነው።

መኪና የሚያጥወለውላቸውን ልጆች ከወላጅ አስቀድማችሁ እወቁ። ከፊት ይቀመጡ፣ ወደ ውጭ ሩቅ ይዩ፣ ስልክ አይንኩ። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይሆንም፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ፌስታል ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ያልተቀደደ መሆኑ ተነፍቶ የታየ።

ሳማ የደጋው ልጅ ሁሉ ያውቃታል ብላችሁ አትገምቱ፤ ኮንዶሚኒየም ያደገው አያውቃትም። ገና ሲወርዱ አንድ ቅጠል አሳዩአቸው፤ የሀገራችን ብቻ የሆነች ዓይነት መሆኗንና ወጥ ሆና እንደምትበላም ንገሯቸው፣ አይረሷትም። ቅጠሏ ላይ ያለው ጸጉር እንደ ብርጭቆ መርፌ ነው፤ ሲነካ ጫፉ ተሰብሮ የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይረጫል። ልጁ ካሸው የተሰበረው ይበልጥ ይገባል። አይታሽ። ፕላስተር ለጥፋችሁ ባንድ ጊዜ ላጡት፤ ጸጉሩን ይዞት ይወጣል። ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። ረጅም ሱሪ ወይም ቱታ የምንለው ለዚህ ነው።

ነስር ሲመጣ ጭንቅላት ወደ ኋላ አዘንብሎ ውሃ ማፍሰስ የለመድነው ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ያስመልሳል። ልጁ ይቀመጥ፣ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሳይለቅ ይጫን፣ በአፉ ይተንፍስ። በየደቂቃው «ቆመ ወይ» እያሉ መልቀቅ ነው የሚያራዝመው።

ወለምታ አይታሽም፣ አይጎተትም። በላስቲክ ፋሻ ጠቅልሉት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ሊረግጥበት ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ንብ ከተነሣ ፊትን ሸፍኖ ወደ አውቶብስ መሮጥ ነው፤ መጋረፍ ያብሰዋል። እባብ ነደፈ ከተባለ አትብጡ፣ አታጥብቁ፣ አትምጠጡ፤ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ወደ ሆስፒታል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ነው። አስም ያለበት ልጅ የሚነፋው መድኃኒት በራሱ ኪስ ይሁን፤ አውቶብስ ላይ የቀረ መድኃኒት ደን ውስጥ አይጠቅምም። ወላጅ ያልሰጠውን ክኒን ግን ማንም መምህር አይስጥ።

ጥያቄ፦ የላኩልን ቅጽ «በልጄ ላይ ለሚደርሰው ማንኛውም ነገር ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ አይደለም» ይላል። ልፈርም? (ወላጅ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ መስመር ብቻ የያዘ ቅጽ ለወላጅ ምንም አይነግርም፤ መምህሩንም ከጥንቃቄ ግዴታው ያወጣዋል ብለው አይገምቱ። ይልቅ የጎደለውን ይጠይቁ፦ የሚሄዱበትን ቦታ፣ የሚነሡበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት፣ አብረው የሚሄዱትን አዋቂዎች ቁጥር፣ የኃላፊውን መምህር ስልክ። እርስዎም የልጅዎን ሕመም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ምግብና ሁለት የሚነሣ ስልክ ቁጥር ይጻፉ። ስለ አውቶብሱም ይጠይቁ። ቦሎው የዘመኑ ነው? መድኑስ? ለእያንዳንዱ ልጅ መቀመጫ አለ? «ሕፃናት ስለሆኑ ሦስት ሦስት ይቀመጣሉ» ከተባሉ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሴት ተማሪዎቼ በወር አበባ ምክንያት ይቀራሉ፤ ለወንድ መምህር አይናገሩም። (ከሰበታ)

መልስ፦ አንዲት ሴት መምህርት ወይም እናት ሳትኖር አትሂዱ። ሞዴስ፣ ሶፍት፣ ሳሙናና ጥቁር ፌስታል የያዘ ትንሽ ቦርሳ እሷ ትያዝ፤ የት እንዳለ ከመነሣታችሁ በፊት ለሴቶቹ ለብቻቸው ትንገራቸው፣ የፈለገች ሳትጠይቅ ከፍታ ትውሰድ። መጸዳጃ በሌለበት ደን ውስጥ ከውሃ 50 ሜትር ራቅ ያለ፣ በነጠላ የተጋረደ ቦታ አስቀድማ ትምረጥ። ያገለገለ ሞዴስ አይቀበርም፤ በጥቁሩ ፌስታል ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፈተና አልቆ ግንቦት ላይ ብንሄድስ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ጥቅምትና ኅዳር ይሻል ነበር፤ አበባውም አለ፣ መሬቱም ደርቋል። ግንቦት ካላችሁ ግን በ12፡30 ተነሥታችሁ 6 ሰዓት ላይ ወደ አውቶብስ ተመለሱ፤ ነጎድጓዱ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ድምፁ ከተሰማ ከጉብታ ላይ ውረዱ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ አውቶብሱ ውስጥ ግቡና መስኮት ዝጉ። መውጣት የሚቻለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ነው፤ እስከዚያ እያንዳንዱ ቡድን የለካውን ቁጥር ለሌሎቹ ያንብብ።